የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንቶች የሚይዙት የትኩረት መስክ ለገጠሩ ታካሚ ምን ያስገኝለታል?

ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎቻቸው ደጋግመው ከሚያነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ «ስፔሻሊስት ያየዋል ወይ?» የሚለው ነው። ሐኪሙ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስት መሆኑ ሲነገራቸው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። የልብ ሐኪም ልብን ያክማል፤ የአጥንት ሐኪም አጥንትን ይጠግናል፤ የድንገተኛ ሐኪም ስፔሻሊስት የሆነው በምንድን ነው? ሁሉን የሚያይ ሐኪም በአንዱም ጠልቆ አያውቅም የሚል ጥርጣሬ በብዙዎች ዘንድ አለ።

ጥርጣሬው መሠረት የሌለው አይደለም። የድንገተኛ ሕክምና ሙያ ራሱ ይህንን ጥያቄ ሲመልስ የቆየው ሐኪሞቹ ገና በሬዚደንሲ ሥልጠና ላይ ሳሉ፣ ሁሉንም ዓይነት ድንገተኛ ሕመም ማከም እየተማሩ፣ ጎን ለጎን አንድ የተወሰነ መስክ መርጠው እንዲያጠልቁ በማድረግ ነው። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው አሠራሩ ምን እንደሆነና ከማስተማሪያ ሆስፒታል ርቆ ለሚኖር ተገልጋይ ምን ጥቅም እንዳለው ለማስረዳት ነው። ለአብነት የተመረጠችው በሰሜን ሸዋ ዞን የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው መሐል ሜዳ ናት።

አንድ ምሽት በመንዝ ደጋ

መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ሌሊቱ ውርጭ ነው። የመንዝ ሰው ባናና ዝተት ደርቦ ቢተኛም ብርዱ አልበገር ሲል የከሰል ማንደጃውን ወይም የኩበት ፍሙን ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩን መዝጋት የተለመደ ነው።

እንበልና በዚህ ዓይነት ቤት ያደሩ እናትና ሁለት ልጆች ማለዳ ራሳቸውን እያመማቸውና እያስመለሳቸው ተነሱ፤ አንዱ ልጅ ግን ቢጠሩት አይነቃም። ጎረቤት ተጠርቶ ሦስቱም ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ተወሰዱ። ነርሷ በልጁ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያውን ስታደርግ 95 አነበበች። ቁጥሩ መልካም ይመስላል። ልጁ ግን አሁንም አልነቃም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ።

አንደኛው ወጥመድ የመሣሪያው ነው። ከሰልና ኩበት በቂ አየር ሳያገኙ ሲጤሱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይወጣቸዋል። ይህ ጋዝ ኦክስጅንን በሚሸከመው የደም ክፍል፣ ማለትም በሄሞግሎቢን ላይ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በሚበልጥ ኃይል ይጣበቃል፤ ቦታውንም ይይዝበታል። በየጤና ተቋሙ የሚገኘው የጣት መለኪያ ኦክስጅን የተሸከመውን ደምና በዚህ ጋዝ የተያዘውን ደም ለይቶ አያውቅም፤ ሁለቱንም እንደ ጤናማ ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ 95 የሚለው ቁጥር ልጁ በቂ ኦክስጅን አለው ማለት ላይሆን ይችላል። ሕክምናው ቁጥሩ መልካም ቢመስልም ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል መስጠት ነው። ሰውነት ተራ አየር እየተነፈሰ ከዚህ ጋዝ ግማሹን ለማስወገድ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ጊዜው ወደ አንድ ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። ለአንጎል ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የከፍታው ነው። በመሐል ሜዳ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በባሕር ወለል ደረጃ ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፈ መጽሐፍ ጤናማ ሰው ከ95 በላይ ማሳየት አለበት ይላል። የሌላ አገር ደጋ መጻሕፍት ደግሞ በ3,000 ሜትር ላይ 90 አካባቢ ማሳየት እንግዳ አይደለም ይላሉ። የእኛ ደጋ ሰው ግን ለየት ያለ ነገር አለው። አሜሪካዊቷ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት የነዋሪዎቹ የደም ኦክስጅን መጠን በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል፤ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም እንደ አንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ከፍ ያለ አልነበረም።

እንግዲህ በመሐል ሜዳ ነርሷ 90 ብታነብ ኦክስጅን ትስጥ ወይስ ትተው? የኦክስጅን ሲሊንደር እንደልብ በማይገኝበት ሆስፒታል ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። በጥቂት ቁጥር ልዩነት አንድ ሲሊንደር ለማያስፈልገው ታካሚ ይውላል፤ ለሚያስፈልገው ደግሞ ሳይደርስ ይቀራል። መልሱን ከውጭ መጽሐፍ መገልበጥ አይቻልም። አንድ ሰው ጥያቄውን የራሱ አድርጎ፣ በዚሁ ከፍታ የሚኖሩ ጤናማና ሕሙማን ሰዎችን ለክቶ፣ ከሌሎች ጥናቶች ጋር አመዛዝኖ ለነርሷ የሚሆን መመሪያ ሊያዘጋጅ ይገባል። የትኩረት መስክ መያዝ ማለት በአጭሩ ይህ ነው።

ሥልጠናው እንዴት ተጀመረ?

በኢትዮጵያ የድንገተኛ ሕክምና ራሱን ችሎ የስፔሻሊቲ ሥልጠና የሆነው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን የተጀመረውም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ከዚያ በፊት የድንገተኛ ክፍሎች በአብዛኛው የሚሠሩት በተራ ከየክፍሉ በሚመደቡ ሐኪሞችና በተለማማጅ ሐኪሞች ነበር። ሁሉም ተረኛ፣ ማንም ባለቤት ያልነበረበት ክፍል ነበር ማለት ይቻላል። ሥራውን ከጅምሩ ከመሩት መካከል ዶክተር አክሊሉ አዛዥ ይጠቀሳሉ። የአሜሪካው ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ፣ የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እና በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎች የተቋቋመው ፒፕል ቱ ፒፕል የተባለ ድርጅት በማስተማር አግዘዋል። የሦስት ዓመቱን ሥልጠና የፈጸሙት የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 ተመርቀዋል። በኋላም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥልጠናውን የጀመረ ሲሆን፣ በሥሩ የሚገኘው አቤት ሆስፒታልም ለቃጠሎ፣ ለድንገተኛና ለአደጋ ሕክምና ተለይቶ የተቋቋመ ነው።

ሙያው በዓለምም ቢሆን ወጣት ነው። በአሜሪካ የመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲ የተከፈተው በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን ራሱን የቻለ ስፔሻሊቲ ሆኖ የታወቀው በ1979 ነው።

የቶሮንቶ መምህራን ወደ አዲስ አበባ የሚመጡት እየተፈራረቁ ለአንድ ወር ያህል ነበር። እያንዳንዳቸው ጠልቀው የሚያውቁትን ነገር ያስተምሩና ይመለሳሉ። ይህ አሠራር ለጅማሬ ጠቃሚ ቢሆንም ጥያቄ ማስነሳቱ አልቀረም፤ የመርዝ ሕክምና መምህሩ ሲመለሱ ቀጥሎ የሚመጣውን በመርዝ የተጎዳ ታካሚ ጉዳይ ማን በኃላፊነት ይይዘዋል? መልሱ ከኢትዮጵያውያኑ ሬዚደንቶች መካከል አንዱ መሆን ነበረበት፤ ሌላ ሰው ሊሆን አይችልም።

ሬዚደንቱ መስኩን እንዴት ይይዛል?

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ሬዚደንት ተማሪ ብቻ አለመሆኑ ነው። ሬዚደንት የሕክምና ትምህርቱን ጨርሶ ዲግሪና የሙያ ፈቃድ ያገኘ፣ የመግቢያ ፈተና አልፎ በአንድ ስፔሻሊቲ ተጨማሪ ሥልጠና የሚወስድ ሐኪም ነው። በሥልጠናው ላይ እያለ ያክማል፤ ከበላዩ ደግሞ ሥራውን የሚከታተል ከፍተኛ ሐኪም አለ።

የመጀመሪያው ዓመት በዋናነት ስፋት የሚገበይበት ነው። ሬዚደንቱ ከድንገተኛ ክፍል በተጨማሪ በውስጥ ደዌ፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማሕፀንና ጽንስ፣ በማደንዘዣና በጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ይዘዋወራል። በዚህ ጊዜ መስክ ለመምረጥ መቸኮል አይመከርም። የሚመከረው ሬዚደንቱ በየተረኝነቱ ያስቸገሩትን ታካሚዎች በማስታወሻ እንዲይዝ ነው። ከወራት በኋላ ማስታወሻው ሲገለጥ አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይገኛል፤ ለአንዱ ጸረ ተባይ የጠጡ ሰዎች ይሆናሉ፤ ለሌላው ዘግይተው የደረሱ የመኪና አደጋ ጉዳተኞች፤ ለሦስተኛው ትንፋሽ ያጠራቸው ሕፃናት። ብዙ ጊዜ መስኩ የሚገኘው ከዚሁ ማስታወሻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሦስት መልክ ይይዛል። በአገራችን ማንኛውም ሬዚደንት ለመመረቅ የምርምር ጽሑፍ ማቅረብ ይጠበቅበታል። መስኩን አስቀድሞ የለየ ሬዚደንት ይህንን ግዴታ ለዚያው መስክ ያውለዋል፤ ያልለየው ግን በመጨረሻው ሰዓት የተገኘውን ርዕስ ይዞ ይጽፍና ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። በዚህ ረገድ የሚባክነው ጉልበት ቀላል አይደለም። ሁለተኛው መልክ ማስተማር ነው። ሬዚደንቱ በመስኩ ለታናናሾቹ፣ ለነርሶችና ለተለማማጆች ትምህርት ይሰጣል፤ ያልገባውን ነገር ማስተማር ስለማይቻል ራሱም ይማራል። ሦስተኛው በሥራ ክፍሉ ውስጥ አንድ ነገር መለወጥ ነው፤ አንድ ገጽ የሕክምና መመሪያ ማዘጋጀት፣ የመድኃኒት ሳጥን ማደራጀት፣ የመመዝገቢያ ቅጽ ማስተካከል። ከሦስቱ በጣም የሚናቀው ይህ ሦስተኛው ሲሆን ለታካሚው ቶሎ የሚደርሰው ግን እሱ ነው።

የትኩረት መስክ ከሰብ ስፔሻሊቲ ጋር መምታታት የለበትም። ሁሉም ሬዚደንቶች የሚመረቁት በድንገተኛ ሕክምና ነው፤ መስኩ በምስክር ወረቀታቸው ላይ አይጻፍም። ሰብ ስፔሻሊቲ ከምረቃ በኋላ ራሱን ችሎ የሚወሰድ ሌላ ሥልጠና ነው። በመርዝ ሕክምና የተጋ ሬዚደንት የወላድ ደም መፍሰስ ሲመጣለት «የእኔ መስክ አይደለም» ማለት አይችልም። ካለ ሥልጠናው ከሽፏል።

ስለ ምርጫው አንድ ግልጽ መባል ያለበት ነገር አለ። ከውጭ አገር መጽሔት ላይ የሚማርክ መስክ ሁሉ ለእኛ የድንገተኛ ክፍል አይሆንም። ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ፣ በአንድ ሆስፒታል ብቻ ሊሠራ የሚችል መስክ የያዘ ሬዚደንት ዕውቀቱ ከዚያ ግቢ አይወጣም። ሬዚደንቱ ራሱን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ በመሐል ሜዳ ሌሊት ተረኛ የሆነ ጠቅላላ ሐኪም ወይም ነርስ እሱ ካወቀው ነገር ምን ያህሉን ሊጠቀምበት ይችላል የሚለው ነው።

የመርዝ ሕክምና፤ አንድ ምሳሌ

በእህል አምራች ወረዳዎች ጸረ ተባይ በየቤቱ ይገኛል። ብዙዎቹ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባለው ወገን ናቸው። በስህተት የተጠጡ፣ በቆዳ የገቡ ወይም በርጭት ጊዜ የተተነፈሱ እንደሆነ በሰውነት ውስጥ የነርቭን መልእክት የሚያቆመውን ንጥረ ነገር ያግዱታል። ውጤቱ የማያቋርጥ ምራቅ፣ እንባ፣ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብና ከሁሉም በላይ ሳንባ በፈሳሽ ተሞልቶ መተንፈስ አለመቻል ነው።

መድኃኒቱ አትሮፒን ይባላል። ዋጋው አነስተኛ ሲሆን ያልተለመደ መድኃኒትም አይደለም። ችግሩ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው። ልምድ የሌለው ባለሙያ ጥቂት መጠን ሰጥቶ የዓይን ብሌኑ ሲሰፋ ወይም ልብ ሲፈጥን በቂ ነው ብሎ ሊያቆም ይችላል። ትክክለኛው ምልክት ግን ሳንባው ነው። በየ5 ደቂቃው መጠኑን እጥፍ እያደረጉ፣ በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙት ሳንባው ከፈሳሽ እስኪጸዳ ድረስ ይሰጣል። ለዚህ ከባድ ታካሚ አንድ ሆስፒታል በሳምንት ከሚጠቀመው በላይ አምፑል በአንድ ሌሊት ሊያስፈልግ ይችላል።

በዚህ መስክ የተጋ ሬዚደንት ከዚህ የሚያተርፈው ነገር ሁለት ነው። አንዱ በአንድ ገጽ የተጻፈና በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መመሪያ ነው። ሌላው ከፋርማሲ ክፍል ጋር የሚደረግ ስሌት ነው፤ በገጠር የሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ስንት አምፑል አትሮፒን በመጠባበቂያ መያዝ አለበት? ይህንን ጥያቄ ማንም ካልጠየቀ መድኃኒቱ የሚያልቀው ታካሚው ገና አልጋ ላይ ሳለ ነው። ሐኪም መሆን ፋርማሲ ድረስ ይዘልቃል ማለት ነው።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅም አለ። ጸረ ተባይ በተለምዶ «ሃይላንድ» በሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ አይቀመጥ፤ በልጆች ላይ ለሚደርስ አደጋ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አደጋው ከደረሰ የተነከረውን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ የሚረዳውም ሰው እጁን በጓንት ወይም በፕላስቲክ መሸፈን ያስፈልጋል። ታካሚውን ለማስመለስ መሞከር፣ ወተት ማጠጣትም አይገባም። ጠርሙሱ ወይም ማሸጊያው ከታካሚው ጋር ወደ ጤና ተቋም ይምጣ፤ ሐኪሙ የመርዙን ዓይነት ከጽሑፉ ካነበበ ብዙ ደቂቃ ይተርፈዋል። የሚመጣውን ሰው ማንም አይከሰውም ወይም አይወቅሰውም፤ የተወሰደውን በእውነት መናገር ሕይወት ያድናል።

ከቃሬዛ እስከ ድንገተኛ ክፍል

ሌላው ለደጋው ሰው የቀረበው መስክ የቅድመ ሆስፒታል ሕክምና ነው። በውጭ መጻሕፍት ይህ መስክ የሚጀምረው ከአምቡላንስ ነው። በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ገደላማ ቀበሌዎች ግን የሚጀምረው ከቃሬዛ ነው። የአካባቢው ሰው ተጠራርቶ፣ ትከሻ እየተቀያየረ ታካሚውን መኪና እስከሚደርስበት መንገድ ያወርዳል። ይህ የትም አገር የማይናቅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ይሁንና ከገደል የወደቀ ሰው አንገቱና ጀርባው ሳይታጠፍ ቃሬዛ ላይ እንዴት እንደሚጫን፣ የሚፈስ ደም በንጹሕ ጨርቅ እንዴት ተጨቁኖ እንደሚያዝ፣ ራሱን የሳተ ሰው ምላሱና ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ እንዴት እንደሚተኛ ተሸካሚዎቹ ቢያውቁ ውጤቱ ሌላ ይሆናል። በዚህ መስክ የተጋ ሐኪም የመጀመሪያ ተማሪዎቹ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹና የአምቡላንስ ሾፌሮቹ ናቸው። ለወረዳዎች የተሰጡት አምቡላንሶች በዋናነት የታሰቡት ወላድ እናቶችን ለማድረስ እንደነበር ስናስብ ለሌሎች ድንገተኛ ሕሙማን የሚበጅ አሠራር መዘርጋት የዚሁ መስክ ሥራ ይሆናል።

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን የሚላክ ታካሚ በሞላሌና በመዘዞ አድርጎ በጣርማ በር በኩል ያልፋል፤ ጣርማ በር ዳገትና ጉም የሚፈራረቁበት መሆኑን መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። መንገዱ በማንኛውም ምክንያት ሲዘጋ ወይም ሲዘገይ ታካሚው የሚድነው መሐል ሜዳ ላይ በተሠራለት ሥራ ነው። በየመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሉ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እንዲሠሩ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የተመደቡትም ለዚሁ ነው፤ ምጥ የጠናባት እናት መንገድ መጠበቅ የለባትም።

ሌሎቹን መስኮች በአጭሩ ማንሳት ይበቃል። በድንገተኛ ክፍል አልጋ ጎን የሚሠራ አልትራሳውንድ በሆድ ውስጥ ደም መፍሰሱን፣ ልብ በፈሳሽ መታፈኑን፣ ጽንስ ከማሕፀን ውጭ መሆኑን በደቂቃዎች ለመለየት ይረዳል፤ መሣሪያው ተንቀሳቃሽ ስለሆነና ሊማሩት ስለሚቻል ለገጠር ሆስፒታል ይስማማል። የጽኑ ሕሙማን ሕክምና፣ የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና፣ በርካታ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጎዳበት አደጋ ዝግጅትም ሬዚደንቶች የሚመርጧቸው ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከልን የመሰለ ጉዳይ ደግሞ እንደ መስክ ብዙም አይታይም፤ ቀይ ቀበሮ የሚኖርበትን የጓሳን ማኅበረሰብ አቀፍ ጥብቅ ሥፍራ ለሚያዋስን ሕዝብ ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው፤ በሽታው ከውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎቹ ይተላለፋልና። በውሻ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ተገልጋዩ በድንገተኛ ክፍል ምን መጠየቅ ይችላል?

ድንገተኛ ክፍል የሚሠራው በመጡበት ተራ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀውና በአገራችንም በሥራ ላይ የዋለው የልየታ ሥርዓት ታካሚዎችን በትንፋሽ፣ በልብ ምት፣ በደም ግፊት፣ በሙቀት፣ በንቃትና በመሳሰሉት ለክቶ በቀለም ይለያቸዋል። ቀይ ወዲያውኑ ይታያል፤ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዲታዩ ይጠበቃል። ከኋላዎ የመጣ ሰው ቀድሞ ቢገባ የተበደሉ አይምሰልዎ፤ የያዙት ታካሚ ሁኔታ ሲባባስ ግን ተራ ሳይጠብቁ ለልየታ ነርሷ ይንገሩ፤ ቀለሙ ዳግም ይለካል።

ድንገተኛ ታካሚ ክፍያ ሳይጠየቅ በቅድሚያ ሕክምና ማግኘት አለበት። ሒሳቡ በኋላ ይታያል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ መታወቂያዎን ይዘው ቢመጡ ጉዳዩ ይቀልላል፤ መታወቂያው ቤት ቀርቷል ብለው ግን ታካሚውን አያዘግዩ።

«ተማሪ ነው ያከመኝ» የሚለው ቅሬታ በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ይሰማል። የሚያክምዎትን ሰው ስምና የሥራ ደረጃ መጠየቅ መብትዎ ነው፤ የሚከታተለው ከፍተኛ ሐኪም እንዲያይዎት መጠየቅም እንዲሁ። ሬዚደንቱ ለጥናቱ መረጃዎን ወይም ናሙና ቢጠይቅዎት ዓላማውን ሊያስረዳዎትና ፈቃድዎን ሊያገኝ ይገባል። እምቢ ማለት ይችላሉ፤ እምቢ በማለትዎ ሕክምናዎ አይቀንስም፣ አይዘገይም። ፈቃደኛ የሆኑ እንደሆነ ግን የመንዝ ሰው የኦክስጅን መጠን ስንት መሆን አለበት የሚለውን የመሰለ ጥያቄ የሚመለሰው በእንደዚህ ያለ ፈቃድ መሆኑን ይወቁት።

ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ሲባሉ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። የሚላኩበት ምክንያት በሚገባዎት ቋንቋ ይነገርዎት። ተቀባዩ ሆስፒታል በስልክ ተነግሮት አልጋ መኖሩን ማወቁን ይጠይቁ፤ ይህ ሳይደረግ ከመሐል ሜዳ ተነስቶ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መድረስና አልጋ ማጣት በታካሚ ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጡት መድኃኒቶች ከነሰዓታቸው መጻፋቸውንም ይመልከቱ፤ አትሮፒን ወይም ኦክስጅን መቼ እንደተጀመረ የሚቀበለው ሐኪም የሚያውቀው ከዚያው ወረቀት ነው። ላኪው ሐኪም ከሚቀበለው ሐኪም ጋር በስልክ ሊማከርም ይችላል፤ በአንድ መስክ የተጋ ሐኪም ዕውቀቱ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ የሚደርስበት አንዱ መንገድ ይኸው ስልክ በመሆኑ እንዲደወል ለመጠየቅ አይፈሩ።

በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ባለሙያዎች የሚሠለጥኑበት ግቢ በኢትዮጵያዊው የቀዶ ሕክምና ሊቅ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም ተሰይሟል። ከዚያ ተመርቀው በዞኑ ወረዳዎች የሚመደቡ ሐኪሞችና ነርሶች የድንገተኛ ክፍል ተረኝነትን ለብቻቸው የሚሸከሙበት ሌሊት ብዙ ነው። በአዲስ አበባ አንድ ሬዚደንት ያዘጋጀው አንድ ገጽ መመሪያ በእጃቸው ካለ ብቻቸውን አይደሉም።

በአዲስ አበባ አምቡላንስ ለመጥራት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907፣ የእሳትና አደጋ አገልግሎትን በ939 ማግኘት ይቻላል። በወረዳ የምትኖሩ የጤና ጣቢያችሁንና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤታችሁን የአምቡላንስ ስልክ ዛሬውኑ ጠይቃችሁ በስልካችሁ መዝግቡ፤ ቁጥሩን ስልክ ለሌላቸው ጎረቤቶችና ለቃሬዛ ተሸካሚዎችም አካፍሉ።